ከአያትና ከሰሚት ወዲያ ያላችሁ፦ የፈረቃችን ቀን ደርሶ ውሃ ፎቅ የማይወጣው ለምንድን ነው? (ሌላም የወረዳ ጉዳይ ይነሳል)

ባለ4ኛ_ፎቅ
ሰላም ጎረቤቶች፣ እንዴት ከረማችሁ። ከአያትና ከሰሚት አለፍ ብለው ባሉት ኮንዶሚኒየሞች የምትኖሩ ሰዎች እዚህ እንደማትጠፉ ስለማውቅ ነው ይህን የከፈትኩት።

ጥያቄዬ ሁለት ነው። አንደኛ፣ የውሃ ፈረቃ ሲቀየር እናንተ ከየት ነው የምትሰሙት? እኛ ብሎክ ላይ ወሬው የሚመጣው ከጥበቃው ነው። ጥበቃው ከጋሪ ገፊዎቹ ይሰማል፣ ጋሪ ገፊዎቹ ከየት እንደሚሰሙ እግዜር ይወቅ። ሁለተኛው ይብሳል። የፈረቃችን ቀን ደርሶ፣ የግቢው ቧንቧ እየፈሰሰ፣ ምድር ላይ ያሉት ልብስ እያጠቡ፣ እኛ አራተኛ ፎቅ ላይ ቧንቧ ስንከፍት የሚወጣው አየር ብቻ ነው። ፉፉፉ ይልና ዝም። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ትንሽ ይንጠባጠባል፣ ባለቤቴ ለእሱ ብላ ትነሳለች። ቀን ቀን ጀሪካን ተሸክመን ነው የምንወጣው።

የወረዳውንም የብሎኩንም ቁጥር አልጽፍም፤ ሰው ለማጣላት አይደለም። ግን ምክንያቱን የሚያውቅ ካለ ያስረዳኝ፤ «መንግሥት ነው» የሚለውንማ ሰምቼ ጠግቤዋለሁ።

የጎሮ_ልጅ
አረ ብሮ ተወው በናትህ። ፈረቃ የሚባለው ለቴሌቪዥን ነው። እኛ ጋ ቀኑ ማክሰኞ ነው ተብሎ ሐሙስ ይመጣል፣ ሐሙስ ስንጠብቅ እሁድ ሌሊት። እኔ ቀኑን መቁጠር ትቻለሁ፤ ቧንቧውን ከፍቼ ከሥሩ ባልዲ አስቀምጬ እተኛለሁ፣ ሲመጣ ድምፁ ይቀሰቅሰኛል።

የሦስት_ልጆች_እናት
የጎሮ ልጅ፣ ቧንቧ ከፍቶ መተኛትን ተው። ከእኛ በላይ ያለ አንድ ጎረቤት እንዲሁ አድርጎ ሥራ ሄዶ የእኛ ኮርኒስ እስካሁን ቢጫ ነው።

ለጠያቂው፦ ፈረቃውን የአዲስ አበባ ውሃና ፍሳሽ ባለሥልጣን በቴሌግራምና በፌስቡክ ገጹ ያወጣል። ችግሩ የሚወጣው በአካባቢ ስም ተደርድሮ ነው፤ ሰፈርህ በየትኛው ስም እንደተጻፈ ማወቅ አለብህ። እኛ በመንደራችን ስም ስንፈልግ ኖረን በአቅራቢያችን ባለው ትምህርት ቤት ስም ተጽፎ አገኘነው። ካልሆነ 906 ደውል፣ ነፃ ነው። ስትደውል ግን ቢልህን በእጅህ ያዝ። «ውሃ የለም» ብቻ ካልክ «እሺ እናስተላልፋለን» ብለው ይዘጋሉ። የደንበኛ ቁጥርህን ስትነግራቸው ይመዘገባል። የተመዘገበበትን ቁጥር ጠይቅና ጻፈው፤ ሁለተኛ ስትደውል በዚያ ቁጥር ነው የምታወራው። እኔ ከሦስት ልጆች ጋር የማገኘው ጊዜ ጥቂት ስለሆነ ደብተር አለኝ፤ ቀን፣ ሰዓት፣ ያነጋገረኝ ሰው፣ የተባልኩት። ደብተሩን ገልጬ «በዚህ ቀን እንዲህ ብላችሁኝ ነበር» ስል ድምፃቸው ሲለወጥ ይሰማኛል።

ጋሼ_ጡረታ
ልጆች፣ አንድ ነገር ልጨምር። ብዙ ሰው ለገዳዲ ግድብ እዚሁ ጎናችን ነው፣ ውሃው በደጃችን ያልፋል፣ እንዴት እኛ ይጠማናል ይላል። እውነት ነው፣ ለገዳዲም ድሬም ያሉት በእኛው በኩል በምሥራቅ ነው። ለገዳዲ በጃንሆይ ዘመን መጨረሻ ነው የተሠራው። ያኔ የከተማው ሕዝብ ከዛሬው ጋር አይነጻጸርም፤ እኛ ያለንበት ቦታ ጤፍና ስንዴ ይዘራበት ነበር። በምዕራብ ገፈርሳ አለ፣ እሱ ከሁሉም ይቀድማል። በደቡብ ደግሞ የአቃቂ ጉድጓዶች አሉ።

አቃቂ ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ነው፣ እንጦጦ ከ3,000 ያልፋል። ከተማው ዳገት ላይ ነው የተቀመጠው። የጉድጓዱ ውሃ በፓምፕ እየተገፋ ነው ወደ ላይ የሚወጣው፤ ፓምፕ ደግሞ መብራት ይፈልጋል። መብራት ሄዶ ሲመለስ ውሃው ወዲያው አይመለስም፣ መጀመሪያ ጋኑ መሙላት አለበት፣ ከዚያ የባዶው መስመር አየር መውጣት አለበት። ስለዚህ ፈረቃችሁ ሲዛባ መጀመሪያ ትናንት መብራት ጠፍቶ ነበር ወይ ብላችሁ ጠይቁ። ይህን ስል ለማንም ጥብቅና መቆሜ አይደለም። የሠላሳ ዓመት የመንግሥት ሠራተኛ ነበርኩ፣ ስንፍናንና የአቅም ማነስን ለይቼ አውቃለሁ። ሁለቱም አሉ።

ቧንቧ_ሠሪው
ጋሼ ያሉት ልክ ነው፤ ግን የጠያቂው ጉዳይ ከዚያ ይለያል። እሱ እኮ «የግቢው ቧንቧ እየፈሰሰ» ነው ያለው። ውሃው ግቢ ደርሷል ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ያለው የሕንፃው ጣጣ ነው።

በቁጥር ላስረዳ። አንድ ባር ግፊት ውሃን 10 ሜትር ያህል ሽቅብ ያወጣል። አንድ ፎቅ ሦስት ሜትር ገደማ ነው። ጂ+4 ሕንፃ ላይ አራተኛ ፎቅ ያለ ቧንቧ ከመሬት 13 ሜትር ገደማ ላይ ነው። መግቢያው ላይ 1.3 ባር ቢኖር ውሃው አንተ ጋ ደርሶ ይቆማል፣ አይፈስም። በየመታጠፊያው የሚጠፋው ሲታሰብ ሁለት ባር ገደማ ይፈልጋል። የፈረቃ ቀን ሁሉም ሰው እኩል ስለሚከፍት ግፊቱ ይወርዳል። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት የምታገኘው ሌላው ሰው ተኝቶ ስለሆነ ነው።

አሁን ደግሞ ሰው የማይወደውን ልናገር። ምድር ላይ ወይም አንደኛ ፎቅ ላይ ፓምፕ ከመስመሩ ጋር በቀጥታ የገጠመ ሰው አለ? ትንሿ የቤት ፓምፕ ማለቴ ነው፣ ሁሉም ዕቃ መሸጫ ያለችው። እሷ ስትነሳ ከመስመሩ ላይ ያለውን ውሃ ትስባለች፣ ከላይ ያሉት ቤቶች ቧንቧ አየር ይስባል። ያ «ፉፉፉ» የምትለው ድምፅ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከዚህ ነው። ጉዳቱ በዚህ አያበቃም። መስመሩ ሲሳብ የሆነ ቦታ የተሰነጠቀ ቧንቧ ካለ በዙሪያው ያለውን ቆሻሻ ውሃ ወደ ውስጥ ያስገባል። የፍሳሽ መስመር አጠገብ ከሆነ አስቡት። ፓምፕን በቀጥታ ከመስመር ጋር መግጠም የማይፈቀደው ለዚህ ነው።

መፈተኛው ቀላል ነው። የፈረቃ ቀን ማታ ሁሉም ሰው ፓምፑን ለግማሽ ሰዓት እንዲያጠፋ አስማሙ፣ አንተ ላይ ሆነህ ቧንቧ ከፍተህ ጠብቅ።

የጎሮ_ልጅ
ቧንቧ ሠሪው ይመችህ! እኛ ብሎክ ላይ ስድስት ቤት ፓምፕ አለው፣ እኔም ለመግዛት ገንዘብ እያጠራቀምኩ ነበር 😂

ቧንቧ_ሠሪው
አትግዛ። አንተ ስትገዛ ከላይህ ያለው የሚበልጥ ይገዛል። መጨረሻ ላይ ሁላችሁም ፓምፕ ይኖራችኋል፣ ውሃ አይኖራችሁም።

አዲስ_ገቢ
ይቅርታ ከርዕሱ ልወጣ ነው። ከአራዳ ወደዚህ በቅርቡ ገብተናል። መታወቂያ ለማውጣት ምን ይዤ ልሂድ? ፋይዳ አለኝ፣ እሱ አይበቃም?

ጋሼ_ጡረታ
እንኳን ደህና መጣህ። ፋይዳ አይበቃም ልጄ። ፋይዳ አንተ አንተ መሆንህን ነው የሚያረጋግጠው፤ ባለ 12 አሃዝ ቁጥር ነው፣ የሚመራውም በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 ነው፣ ባንክ አዲስ ሒሳብ ስትከፍት የሚጠይቅህ እሱን ነው። የነዋሪነት መታወቂያ ደግሞ የዚህ ወረዳ ነዋሪ መሆንህን የሚያሳይ ነው። የሚሰጠው በወረዳ የሲቪል ምዝገባና የነዋሪነት አገልግሎት ጽሕፈት ቤት ነው።

ከሁሉ በፊት ከነበርክበት ወረዳ መሸኛ አውጣ። መሸኛ ሳትይዝ እዚህ ብትሰለፍ ይመልሱሃል፣ ቀንህ ያልቃል። ቤተሰብ ካለህ መሸኛው ላይ የሁሉም ስም መኖሩን እዚያው መስኮቱ ላይ ቆመህ አንብብ። አባት ስም ላይ አንዲት ፊደል ብትለወጥ እዚህ ስትደርስ ጣጣ ነው። ሃሌታው «ሀ» እና ሐመሩ «ሐ» አንድ ናቸው ብለህ ለኮምፒውተር ማስረዳት አትችልም። የተከራየህ ከሆነ ውል፣ የራስህ ቤት ከሆነ የቤቱን ሰነድ ትይዛለህ።

አንድ ሌላ ነገር፦ ያለንበት ለሚ ኩራ ክፍለ ከተማ የተቋቋመው በ2013 ከቦሌና ከየካ ተቆርሶ ነው። ስለዚህ የቆየ የቤት ውል ወይም ሰነድ ላይ «ቦሌ» ወይም «የካ» ተብሎ ከእነወረዳ ቁጥሩ ታገኛለህ። ያ ስህተት አይደለም፣ ግን አዲስ ሠራተኛ ከገጠመህ ሊያደናግረው ይችላል፤ በትሕትና አስረዳ።

አርብ ወደ ምሳ ሰዓት አካባቢ አትሂድ። አርብ የምሳ ሰዓት የሚጀምረው አምስት ተኩል ነው፣ የሚከፈተው ሰባት ተኩል። ይህን ሳያውቅ ፀሐይ ላይ የሚቆም ሰው ሁልጊዜ አለ።

ማዶ_ለገጣፎ
ጋሼ እኔ ደግሞ ከመንገዱ ማዶ ነኝ፣ ለገጣፎ። ሥራዬ፣ ልጆቼ የሚማሩበት፣ ገበያዬ ሁሉ እናንተ ጋ ነው። መታወቂያ እናንተ ወረዳ ማውጣት እችላለሁ?

ጋሼ_ጡረታ
አይሆንም። ለገጣፎ ለገዳዲ ከ2015 ጀምሮ በሸገር ከተማ አስተዳደር ሥር ነው፣ ያም ኦሮሚያ ነው። መታወቂያህ፣ የቤትህ ጉዳይ፣ የልጆችህ ልደት ምዝገባ እዚያው ነው። መብራት ግን ከሁለቱም ወገን አንድ ነው፣ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት የፌዴራል ነው፤ 905 ብትደውል አንተም እኔም እዚያው ነን። እሳት ከተነሳ 939፣ ፖሊስ 991፣ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907። እነዚህን ስልካችሁ ላይ መዝግቡ፤ ለችግር ጊዜ ቁጥር የሚፈልግ ሰው እጁ ይንቀጠቀጣል።

ተከራይ_ነኝ
አሁን የኔ ተራ ይሁን። አከራዬ ውል በወረዳ እናስመዝግብ ስለው «ምን ያደርግልሃል፣ ታክስ ሊያስቆርጡኝ ነው» ይላል። ሕጉ ምንድን ነው የሚለው? የስድስት ወር ቅድሚያም ይፈልጋል።

የሦስት_ልጆች_እናት
ወንድሜ፣ አዋጅ ቁጥር 1320/2016 አለ፣ የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ። እህቴ በሱ ስትከራከር ስለቆየች አንብቤዋለሁ። ውል በጽሑፍ መሆን አለበት፣ በተፈረመ በ30 ቀን ውስጥ መመዝገብ አለበት፣ ዘመኑ ከሁለት ዓመት ማነስ የለበትም፣ ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ መብለጥ የለበትም። የስድስት ወሩን በዚህ መልስለት። ኪራይ ደግሞ እሱ በፈለገው ቀን አይጨምርም፤ በዓመት አንድ ጊዜ ተቆጣጣሪው አካል በሚያወጣው መጠን ነው።

ይህን ስልህ ግን አከራይህን ቢሮ ጎትተህ ሂድ ማለቴ አይደለም። ለስለስ አድርገህ ጀምር። «ጋሼ፣ ቅጣት እንዳይመጣብዎ ብዬ ነው» በለው። የእህቴን አከራይ ያሳመነው ይህ ነው፤ መብቴ ነው ስትለው ግን በሩን ዘጋባት።

ተከራይ_ነኝ
እግዜር ይስጥልኝ እህቴ። ለስለስ ማለቱን እሞክራለሁ፣ ግን ሰውየው የኮሎኔል ጠባይ ነው ያለው።

ባለ4ኛ_ፎቅ
ወደ ውሃው ልመልሳችሁ። ቧንቧ ሠሪው ያለውን ሞከርን። የብሎክ ኮሚቴው ፀሐፊ ጋ ሄጄ አስረዳሁት፣ እሱ በየበሩ እየዞረ ተናገረ። የፈረቃችን ቀን ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ሁሉም ፓምፑን አጠፋ፣ ቢያንስ አጠፋሁ አለ። እኔ ኩሽና ውስጥ ቧንቧውን ከፍቼ ቆምኩ። መጀመሪያ ያው አየሩ። ቀጥሎ ቡናማ ውሃ እየተፋ መጣ፣ እየነጣ ሄደ፣ ከዚያ ፈሰሰ። በጣም የሚያስደስት ግፊት አይደለም ግን ሃያ ሊትር ጀሪካን በአራት ደቂቃ ሞላ። ባለቤቴ ከሳሎን «ምንድን ነው የሚፈሰው?» ብላ ነው የመጣችው። ከዚያ ልክ ግማሽ ሰዓቱ ሲያልቅ ከታች የሆነ ነገር ጉርርር አለ፣ የኔ ቧንቧ ደግሞ ፉፉፉ።

ስለዚህ መልሱን አግኝተናል። መፍትሔውን ግን አላገኘንም። ፀሐፊው ማን ማን ፓምፕ እንዳለው ዘርዝሮ ለጥፏል፣ አሁን በደረጃው ላይ ሰላምታ የለም።

ምድር_ላይ
ጽሑፉን ጎረቤት ልኮልኝ ነው የመጣሁት። ከተለጠፉት ስሞች አንዱ የኔ ነው። እስቲ እኔም ልናገር።

ምድር ላይ የሴቶች ፀጉር ቤት አለኝ። ፀጉር ያለ ውሃ አይታጠብም። ፓምፑን የገጠምኩት እናንተን ለመጉዳት ሳይሆን ሁለቱን ሠራተኞቼን በየሳምንቱ ባዶ እጃቸውን ላለመስደድ ነው። ስገጥም ማንም አልከለከለኝም፤ የገጠመልኝ ባለሙያ ራሱ «ሁሉም እንዲህ ነው የሚያደርገው» ነው ያለኝ። አሁን ስሜ በወረቀት ተጽፎ መግቢያው ላይ ተለጠፈ። ደንበኞቼ እያነበቡ ነው የሚገቡት። ውሃ ሌባ አስመሰላችሁኝ። ፓምፑን ንቀይ ብትሉኝ እሺ፣ ግን በማግስቱ እንዴት ነው የምሠራው? ይህን የሚመልስ ሰው ይጻፍልኝ።

የጎሮ_ልጅ
ኧረ እህት፣ እሱም ሰውዬ እኮ ሕፃናት ያሉት ሰው ይሆናል፣ አራት ፎቅ ጀሪካን...

ምድር_ላይ
ጀሪካን እኔም ተሸክሜ አድጌያለሁ ወንድሜ፣ አታስረዳኝ።

ጋሼ_ጡረታ
ስም ጽፎ መለጠፉን እኔ አልደግፍም። ፀሐፊው ይህን ካነበብክ ዛሬውኑ አንሳው። ነገ ለቅሶ ቢሆን አብራችሁ ድንኳን የምትተክሉ ሰዎች ናችሁ። ልጄ፣ አንቺም አትቆጪ፤ የሚያስፈልግሽ ውሃ ነው እንጂ ፓምፕ አይደለም። ቧንቧ ሠሪው፣ እስቲ መላውን ንገረን።

ቧንቧ_ሠሪው
መላው የታወቀ ነው፣ የሚከብደው ማስማማቱ ነው። ምድር ላይ አንድ የጋራ ጋን ይቀመጣል። የመንግሥት መስመር በራሱ ግፊት ወደ ጋኑ ይፈስሳል፤ መሬት ላይ ስለሆነ ዝቅተኛ ግፊትም ይበቃዋል። መግቢያው ላይ ሲሞላ የሚዘጋ ተንሳፋፊ ኳስ ይደረጋል። ከጋኑ በኋላ አንድ ፓምፕ፣ አንድ ብቻ፣ ውሃውን ጣሪያ ላይ ወዳለው ሮቶ ያወጣል። ከሮቶው ወደ ቤቶቹ በስበት ይወርዳል። ፓምፑ የሚስበው ከጋን እንጂ ከመስመር ስላልሆነ ማንንም አይነካም፣ ቆሻሻም አይስብም። ጋኑ ሲጎድል ፓምፑ በራሱ የሚጠፋበት መቆጣጠሪያ ይደረግበት፤ ደርቆ ሲዞር ይቃጠላል።

ስንት ሊትር ትሉኛላችሁ። አንድ ሺህ ሊትር 50 ጀሪካን ነው። በብሎካችሁ 20 አባወራ ቢኖርና ለአንድ ቤት በቀን አምስት ጀሪካን ብታስቡ በቀን ሁለት ሺህ ሊትር ነው። ፈረቃው በየስንት ቀኑ እንደሚመጣ አባዙት። ጣሪያው የሚሸከመውን ክብደት ግን ሳታስጠኑ ሮቶ አትደርድሩ! አንድ ሺህ ሊትር ውሃ አንድ ቶን ነው። ትልቁ ጋን መሬት ላይ፣ ትንሹ ጣሪያ ላይ።

ፀጉር ቤቷ ለብቻዋ ቆጣሪ ካላት የራሷን ትንሽ ሮቶ ታስቀምጥ፣ በፈረቃ ቀን በራሱ ግፊት ይሞላ፣ ፓምፗን ከሮቶው በኋላ ታዙረው። ፓምፑ አይጣልም፣ ቦታው ብቻ ነው የሚቀየረው። የግማሽ ቀን ሥራ ነው።

ምድር_ላይ
ይሄ እሺ። ይሄን መጀመሪያ የነገረኝ ሰው ቢኖር ገና ድሮ አደርገው ነበር። ወረቀቱ ይነሳ፣ ሮቶውን እገዛለሁ።

የኮሚቴ_ፀሐፊ
ወረቀቱ ተነስቷል። ስም መለጠፉን የወሰነው ኮሚቴው ነው እንጂ እኔ ብቻዬን አይደለሁም፣ ይህ ይታወቅልኝ።

ስለ ጋራው ጋን፦ ገንዘብ ነው ጉዳዩ። የጋራ ሕንፃ ማኅበር በአዋጅ ቁጥር 370/1995 መሠረት ይቋቋማል፣ ሕጋዊ ሰውነት ካገኘ በስሙ ሒሳብ መክፈትና መዋጮ መሰብሰብ ይችላል። እኛ ግን ማኅበር የምንለው በወረቀት አለ፣ መዋጮ የሚከፍለው ግማሹ ነው። ውጭ አገር ያለ ባለቤት አለ፣ ቤቱን ዘግቶ የሄደ አለ። ቀሪው ስንዋጣ «ያልከፈለው ለምን ይጠጣል» የሚል ይነሳል። እኔ በየወሩ በየበሩ ስዞር እንደ ለማኝ ነው የምታየው።

የሦስት_ልጆች_እናት
ፀሐፊ፣ ልፋትህ ይታወቃል። አንድ ሐሳብ ልስጥ። እኛ ብሎክ ሲጀመር ስለ ጋን አላወራንም። ለአንድ ወር እያንዳንዱ ቤት ለጋሪና ለቦቴ ውሃ ያወጣውን እንዲጽፍ አደረግን። ወረቀቱ ሲደመር ሰዎች ራሳቸው ደነገጡ። ከዚያ ስብሰባ ስንጠራ ሁሉም መጣ። ያልከፈለው እንዴት ይጠጣል ለሚለው፣ ከሮቶው ወደየቤቱ በሚወርደው ላይ መዝጊያ አለ፤ መዝጊያውን ግን እስካሁን አልተጠቀምንበትም። መኖሩ በቂ ነው።

አዲስ_ገቢ
እኔ እንኳን ውሃውን ገና አላየሁትም 😅 ሌላ ጥያቄ ልጨምር፦ ሕፃን ተወልዶልናል፣ ልደት ምዝገባ እስከ መቼ ነው?

ጋሼ_ጡረታ
እልል! እንኳን ማርያም ማረቻት። ልደት በ90 ቀን ውስጥ ነው። ጋብቻ፣ ፍቺና ሞት በ30 ቀን። ይህ በአዋጅ ቁጥር 760/2004 ያለ ነው። ከተወለደበት ጤና ተቋም የልደት ማሳወቂያ ወረቀት ይሰጣችኋል፣ እሷን እንዳትጥሏት። ካለፈም ይመዘገባል፣ ግን «የዘገየ» ይባልና ወረቀቱ ይበዛል። መሸኛህን ቶሎ ጨርስ፤ አለበለዚያ የአንተ ነዋሪነት ሳይስተካከል የልጁ ይንጠለጠላል።

የጎሮ_ልጅ
ጋሼ አሁን እኮ መሶብ የሚባል መጥቷል፣ ሁሉም በአንድ ቦታ ያልቃል ይባላል። ወረዳ ምን ያደርጋል?

ጋሼ_ጡረታ
መሶብ የአንድ ማዕከል አገልግሎት በ2017 ሲከፈት እኔም ደስ ብሎኛል፣ የብዙ መሥሪያ ቤት መስኮት በአንድ አዳራሽ ማየት ለእኔ ዘመን ሰው ተአምር ነው። ግን የምትፈልገው አገልግሎት እዚያ መኖሩን ሳታጣራ ከዚህ ዳር ድረስ ታክሲ አትሳፈር። መሸኛና የነዋሪነት ጉዳይ ወረዳህን ይፈልጋል። የመሥሪያ ቤት ግድግዳ ላይ የተለጠፈ የዜጎች ቻርተር አለ፤ አገልግሎቱ፣ የሚያስፈልገው ሰነድ፣ የሚፈጀው ጊዜ፣ ክፍያው ተጽፏል። ማንም አያነበውም። በስልክህ ፎቶ አንሳውና መስኮቱ ላይ «ሌላ ወረቀት አምጣ» ሲሉህ አሳያቸው። ዘወር ብለው ይስቃሉ፣ ግን ይሠራሉ።

ተከራይ_ነኝ
የቆሻሻ ክፍያ ከውሃ ቢል ጋር መደመሩን ታውቃላችሁ? እኛ ጋ የማኅበሩ ልጆች ባይመጡም ይቆረጣል።

የሦስት_ልጆች_እናት
እናውቃለን። ማኅበራቱ የሚከፈላቸው በሚያነሱት መጠን ስለሆነ ካልመጡ እነሱም ይጎዳሉ፤ ብዙ ጊዜ የሚዘገዩት ገንዳው ሞልቶ መኪና ስላላነሳው ነው። ለወረዳው የጽዳት ጽሕፈት ቤት የገንዳውን ፎቶ ከነሰዓቱ ላክላቸው። መንገድ ዳር ግን አትጣል፣ ደንብ አስከባሪ ከያዘህ ቅጣቱ ከአንድ ዓመት የቆሻሻ ክፍያ ይበልጣል።

ባለ4ኛ_ፎቅ
ቢል ከተነሳ አይቀር፣ ቧንቧ ሠሪው፦ ውሃ ሳናገኝ ቆጣሪው ለምን ይዞራል?

ቧንቧ_ሠሪው
ሁለት ነገር ነው። አንዱ አየር ነው፤ ባዶ መስመር ውሃ ሲገባበት ከፊቱ ያለው አየር ቆጣሪውን ያዞረዋል። ውሃ ሲመጣ ወዲያው ቧንቧ አትክፈት፣ ትንሽ ጠብቅ፤ መክፈትም ካለብህ በጣም በቀስታ። ሁለተኛው ፍሳሽ ነው። የፈረቃ ቀን ማታ ሁሉንም ቧንቧ ዝጋ፣ ቆጣሪውን ቀይ ቁጥሮቹን ጨምረህ ፎቶ አንሳ፣ ከአንድ ሰዓት በኋላ ደግመህ አንሳ። ከተነቃነቀ ከቆጣሪው ወዲህ የሚፈስ አለ፤ በአብዛኛው የሽንት ቤት ገንዳው ነው። ካልተነቃነቀና ቢሉ ግን ከበዛ፣ ሁለቱን ፎቶ ይዘህ ቅርንጫፍ ሂድ። «ንባቡ ስህተት ነው» ማለትና ፎቶ ማሳየት ይለያያል።

የኮሚቴ_ፀሐፊ
የጋራ ጋኑ ስብሰባ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ አራት ሰዓት፣ በዕድሩ መጋዘን ፊት። ከስብሰባው በፊት ሁሉም ቤት የዚህን ወር የጋሪና የቦቴ ወጪ በወረቀት ጽፎ በበሬ ሥር ያስገባልኝ፤ የእህታችንን ሐሳብ ወስደናል። ቧንቧ ሠሪው መምጣት ከቻለ የታክሲውን ኮሚቴው ይችላል።

ቧንቧ_ሠሪው
እመጣለሁ። ከዚያ በፊት የሕንፃውን ፕላን ያለው ሰው ይፈልግ፤ ዋናው መስመር የት እንደሚገባ ሳላይ ቁጥር አልናገርም።

ተከራይ_ነኝ
እኔ ተከራይ ነኝ፣ ድምፅ መስጠት እችላለሁ?

የኮሚቴ_ፀሐፊ
አባል የሚሆነው የቤቱ ባለቤት ነው፣ ስለዚህ በራስህ አትሰጥም። ኮሎኔሉ በጽሑፍ ከወከሉህ ግን ትሰጣለህ። ውሃውን የምትጠጣው አንተ ስለሆንክ ውክልናውን ስትጠይቅ ስለ ውል ምዝገባው አታንሳ፣ አንድ በአንድ።

ምድር_ላይ
ወንበር ከኔ ሱቅ ውሰዱ፣ አስራ ሁለት አለኝ። እሁድ ዝግ ነኝ።